መልስ፦ የኮሮ ሥዕል ለምን ደበዘዘ?

«የፈረንሳዊውን ሠዓሊ የኮሮን ‹የሞርትፎንቴን ትዝታ› አየሁት፤ ዛፍና ውሃ ብቻ ነው፣ ቅጠሉም ደብዝዟል፤ ምኑ ይደነቃል?» ብለው ለጠየቁት፦

ቅጠሉን ለጊዜው ይተዉትና በግራ ካለው ቀጭን ዛፍ ይጀምሩ። አንዲት ሴት እጆቿን ወደ ላይ ዘርግታ ከቅርንጫፉ ትለቅማለች፤ ከአጠገቧ ልጆች አሉ። በቀኝ ያለው ግዙፍ ዛፍ ሰማዩን ሸፍኖ ወደ እነርሱ ያዘነብላል። በመካከል ሐይቁ ጭጋግ ለብሷል፤ ውሃው የት እንደሚያበቃ፣ የወዲያኛው ዳርቻ የት እንደሚጀምር ዓይን ለመለየት ይቸገራል። እኔን የያዘኝ እዚያ ላይ ነው።

ድብዘዛው የችሎታ ማነስ አይደለም። ኮሮ ይህን ሥዕል እ.ኤ.አ. በ1864 ለሕዝብ ሲያቀርብ ዕድሜው ወደ 70 ተጠግቶ ነበር፤ ከፓሪስ በስተሰሜን የሚገኘውን ሞርትፎንቴንን የሣለውም ከትውስታው ነው። «ትዝታ» ያለው ለዚህ ነው፤ ቃሉ ለእኛ ማብራሪያ አያሻውም። ፎቶግራፍም ይሰበስብ ነበር። የዘመኑ ካሜራ ብርሃን ለመቀበል ረጅም ጊዜ ስለሚወስድበት ነፋስ ያወዛወዘው ቅጠል እንደ ጭስ ሆኖ ይወጣል፤ ኮሮ ከዚያም ሳይማር አልቀረም።

ያዩት በስልክ ከሆነ ግን አልፈርድብዎትም፤ ያ ብርማ ግራጫ በትንሽ መስታወት ላይ ይሞታል። ዋናው ሥዕል ፓሪስ፣ ሉቭር ሙዚየም ውስጥ ነው፤ ዕድሉን ካገኙ ሁለት ሦስት እርምጃ ራቅ ብለው ይዩት።