የታጠበ፣ የተበሳ፣ የተበየደ፦ ስለ ድሮ ሳንቲም ዋጋ ጥያቄና መልስ

ባለፈው ሳምንት «ቤታችሁ የድሮ ሳንቲም ያለ ጠይቁኝ» ብዬ ነበር። ከመጡት ጥያቄዎች አብዛኞቹ ወይ «አጥቤዋለሁ፣ ስንት ያወጣል?» ወይ ደግሞ «ተበስቷል፣ ዋጋ አለው?» የሚሉ ናቸው። ዛሬ እነሱን ብቻ እመልሳለሁ። ሳንቲም መሰብሰብ ከጀመርኩ ሃያ ዓመት አልፎኛል፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ እንደ እጥበት ብዙ ሳንቲም ያበላሸ ነገር አላየሁም።

ከጎንደር፦ አባቴ ሲያርፍ ከሣጥኑ ውስጥ የምኒልክ ብር አገኘሁ። ጠቁሮ ስለነበር በሎሚና በአመድ አሸሁት። አሁን እንደ መስታወት ያበራል። ስንት ልሽጠው?

እህቴ፣ የአባትሽን ነፍስ ይማር። ሳትቸኩይ ስሚኝ። የአንድ ሳንቲም ዋጋ ሦስት ነገር ተደራርቦበት ነው የሚመጣው። የመጀመሪያው ማዕድኑ ነው። የምኒልክ ብር ክብደቱ 28 ግራም ገደማ ነው፤ ከሺህ 835 እጁ ንጹሕ ብር ስለሆነ 23 ግራም ተኩል የሚጠጋ ብር አለበት። ይህን አመድም ሎሚም አይወስድብሽም። ሁለተኛው ብርቅነቱ ነው፦ የትኛው ዓመት፣ የትኛው ዓይነት። ይህም አልተነካም። ሦስተኛው ቆዳው ነው፤ ማለትም በፓሪስ ማተሚያ ቤት ሲመታ ያገኘው ወዝና ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ ቀስ እያለ የለበሰው ጥቁረት። አመዱ የፋቀው ይህንን ነው። አይመለስም።

ጥቁረቱን ሰው ቆሻሻ ይመስለዋል። ብር አየር ውስጥ ካለ ድኝ ጋር ሲዋሃድ የሚፈጠር ስስ ሽፋን እንጂ ቆሻሻ አይደለም። ስናሸው ሽፋኑ ብቻ አይደለም የሚሄደው፤ ከሥሩ ያለው ብርም አብሮ ይነሳል። አመድ ደግሞ ለስላሳ ይምሰል እንጂ ውስጡ ጠጣር ብናኝ ስላለበት እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍጋል።

እኔ ራሴ ለግዢ ስጠየቅ፣ በግልጽ ለታሸ የምኒልክ ብር፣ ይዘቱ ተመሳሳይ ሆኖ ካልተነካው የምከፍለውን ግማሽ ወይም ከዚያ በታች ነው የምሰጠው። ከመሸጥሽ በፊት ግን ዓመቱን አንብቢ። ቁጥሩ የተጻፈው በግዕዝ ነው። ፲፰፻፹፯ ከሆነ የመጀመሪያው ዓመት ምት ነውና እንዲህ ታሽቶም ፈላጊ አለው። ፲፰፻፹፱ ከሆነ ግን ገዢው በቆዳው ላይ ጨካኝ ይሆናል። ያረጀ ሳንቲም ላይ ፯ እና ፱ ስለሚመሳሰሉ በአጉሊ መነጽር እይው፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል።

ያጠፋሽው አንቺ ብቻ አይደለሽም። እኔም ገና ስጀምር የ1895 ግርሽ (ትንሿን የድሮ የብር ሳንቲም) አግኝቼ በጥርስ ሳሙና አሽቻለሁ። ዛሬም ድረስ አለኝ፤ አልሸጥኩትም።

ልገዛ ነው፤ መታጠቡን በምን አውቃለሁ?

አንድ አምፖል ብቻ ያለበት ክፍል ግባ፤ ባለ አሥር እጥፍ አጉሊ መነጽር ያዝ። ሳንቲሙን ጠርዙን ብቻ በሁለት ጣት ይዘህ ከብርሃኑ ሥር ወዲያና ወዲህ አዘንብለው። ያልተነካ ብር ከሆነ ብርሃኑ እንደ መንኮራኩር እየዞረ ፊቱ ላይ ይሄዳል። ይህ የሚሆነው ሳንቲሙ ሲመታ ብረቱ ከመሃል ወደ ጠርዝ ስለሚፈስና እጅግ ደቂቅ መስመሮች ስለሚቀሩበት ነው። የታሸ ከሆነ ብርሃኑ አይዞርም፤ ባለበት ቦታ ይንቦገቦጋል። ቀረብ ብለህ ስታይ ደግሞ ፀጉር የሚያካክሉ ጭረቶች በአንድ አቅጣጫ፣ ወይም ጨርቁ እንደዞረ በክብ ተሰልፈው ታገኛለህ። ለአገልግሎት ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር የኖረ ሳንቲምም ጭረት አለው፤ የሱ ግን ዝብርቅርቅ ነው፣ አንድ አቅጣጫ የለውም።

ቀጥለህ የፊደሎቹን ሥር ተመልከት። በምኒልክ ብር ላይ በ«ንጉሠ ነገሥት» ፊደሎች መካከል፣ በዘውዱ ጥልፍ ውስጥና በአንበሳው ጋማ ሥር ጥቁረት ቀርቶ፣ ሜዳው ግን ነጭ ሆኖ ካየኸው እጅ የደረሰበት ቦታ ሁሉ ታሽቷል ማለት ነው። በአሲድ የተነከረ ከሆነ ግን ጭረት ላይኖረው ይችላል፤ ሁሉም ቦታ እኩል የነጣ፣ ሕይወት የሌለው ኖራ መሰል መልክ ነው ያለው። አንድ ጊዜ ብቻ በፍጥነት የተነከረን ባለሙያም ላይለየው ይችላል፤ ደጋግሞ የተነከረው ነው ወዙ የሚሞተው።

ጠርዙንም አትርሳ። አንዳንድ ሰው ሳንቲሙን በደንብ የሚወለውለው ለማሳመር ሳይሆን ቀልጦ በቅርጽ ውስጥ ፈስሶ የተሠራ ሐሰተኛ መሆኑን የሚያሳብቀውን፣ በጎኑ የሚዞረውን የመጋጠሚያ መስመር ለማጥፋት ነው።

ከደሴ፦ አያቴ አንገቷ ላይ ታደርገው የነበረ ጠገራ ብር አለኝ። አናቱ ላይ ቀለበት ተበይዶበታል። አስነስቼ ልሽጠው?

አታስነሣው። ጠገራ ብር ማለት የኦስትሪያዋ እቴጌ ማሪያ ቴሬዛ መልክ ያለበት ነው፤ ሁሉም ላይ በፈረንጅ አቆጣጠር 1780 ተጽፏል፤ ያ ያረፈችበት ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ በቪየና፣ በሮም፣ በለንደን፣ በፓሪስ፣ በቦምቤይና በሌሎችም ቦታዎች በዚያው ዓመተ ምሕረት ሲመታ ኖሯል፤ ቪየና ዛሬም ትመታዋለች። ስለዚህ «የ1780 ነው» የሚለው ነገር ብቻውን ዋጋ አያወጣም። የአብዛኛው ጠገራ ዋጋ ብሩ ነው፦ ክብደቱ 28.07 ግራም፣ ከሺህ 833 እጁ ብር፣ ንጹሑ 23.4 ግራም ያህል። የዕለቱን የብር ዋጋ በግራም ጠይቀህ አባዛው፤ ከዚያ በታች ለሚሰጥህ አትሽጥ።

እንዲህ ስለሆነ ጠገራ ላይ እጥበትና ብየዳ የሚያደርሱት ጉዳት የምኒልክ ብር ላይ ካለው ያነሰ ነው። ቀለበቱ ሲነሣ ግን የብየዳው ጠባሳ ይቀራል፤ የሚያነሣው ሰው ጠባሳውን በሞረድ ሲያስተካክል የጎኑን ጽሑፍም ይበላል። ጎኑ ላይ «ፍትሕና ርኅራኄ» የሚል ትርጉም ያለው የላቲን ጽሑፍ ጎላ ብሎ ይዞራል፤ ገዢ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። ቀዳዳ ያለውን በብር መድፈን ደግሞ የባሰ ነው። ቀዳዳ የታየ ጉዳት ነው፤ የተደፈነ ቀዳዳ ግን ሲገኝ ሻጩን አታላይ ያስመስላል።

ሌላም ነገር አለ። ድሪው (የአንገት ጌጡ) ከነዶቃው፣ ከነሰንሰለቱ ሙሉ ከሆነ ሳንቲም ብቻ አይደለም፤ ጌጥ ነው። የጌጥ ሰብሳቢ የሚፈልገው ያንን ብየዳ ነው። ስንት ጠገራ በአንጥረኛ እጅ ቀልጦ መስቀልና አምባር ሆኗል! የአያትህ ሳይቀልጥ መትረፉን አስብ።

በነገራችን ላይ የሳንቲምን ይዞታ መመርመር ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። የድሮ ነጋዴዎቻችን ጠገራ ሲቀበሉ በእቴጌይቱ የደረት ጌጥ ላይ ያሉትን ዕንቁዎች እየቆጠሩ፣ የደበዘዘውን ይመልሱ ነበር።

የአፄ ኃይለ ሥላሴ ስሙኒ አለኝ፤ የ1936፤ ጠርዙ ዙሪያውን የተሸረፈ ነው። ይህ ጉዳት ነው?

አይደለም። ባለ 25 ሳንቲሙ መዳብ መጀመሪያ ክብ ሆኖ ነበር የወጣው። ሰዎች ብር እየቀቡ እንደ ባለ 50 ሳንቲሙ ሲያሳልፉት ጊዜ ተሰብስቦ ጠርዙ በመንግሥት ተቆረጠ። እንዲያውም ክብ ሆኖ የቀረው ነው ብርቁ። ክቡ ያለው ሰው ከመደሰቱ በፊት መዳቡ ላይ የብር ቅብ ምልክት ይፈልግ፤ የዚያን ዘመን ማጭበርበር ታሪክ ይዞ ሊሆን ይችላል፤ ያንን አሽቶ ማጥፋት ትልቅ ጥፋት ነው።

የ1936 ባለ አምስት ሳንቲም ብዙ ብር ያወጣል ሲባል ሰማሁ።

አያወጣም። 1936 የሚለው ጽሑፍ ሳይቀየር ለብዙ ዓመታት በብዛት ተመትቷል። ቀይ መዳቡ ከነወዙ ያለ ከሆነ ሰብሳቢ ይወስደዋል፤ የታሸውን ግን ማንም አይፈልገውም።

ከአዳማ፦ በረኪና ውስጥ አሳድሬው ግራጫ ሆነ።

ብሩ ከክሎሪን ጋር ተዋህዷል። በውሃ ብቻ ደጋግመህ አለቅልቀውና ተወው። ሌላ ነገር አትሞክርበት።

ታዲያ ጭቃና ቅባት ያለበትን ምን ላድርግ?

ለመኪና ባትሪ የሚሸጠውን የተጣራ ውሃ ግዛ፤ አሲዱን አይደለም፣ ውሃውን። ሳንቲሙን አንድ ሁለት ቀን ዘፍዝፈው፣ ውሃውን እየቀያየርክ። አትሸው። አውጥተህ በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ላይ አስቀምጠህ ተጭነህ አድርቀው። ለስላሳ ፕላስቲክ ውስጥ የኖረ ሳንቲም ላይ አረንጓዴ የሚያጣብቅ ነገር ካየህ ንጹሕ አሴቶን ያነሣዋል፤ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አይደለም፣ እሱ ሽቶና ዘይት አለበት። መስኮት ክፈት፣ እሳት አታቅርብ። አሴቶን ቅባቱን እንጂ ብረቱን አይነካም። መዳብ ላይ ዱቄት የመሰለ ነጣ ያለ አረንጓዴ ነጥብ እየሰፋ ከሄደ ግን እሱ ከብረቱ የሚነሣ በሽታ ነው፤ ከሌሎቹ ለይተህ ደረቅ ቦታ አስቀምጥ።

ከዋሽንግተን፦ የታጠበ የምኒልክ ብር ለደረጃ መዳቢ ድርጅት ብልክ ይቀበሉኛል?

ይቀበሉዎታል። ሁለቱ ታዋቂ የአሜሪካ ደረጃ መዳቢዎች፣ ፒሲጂኤስም ሆነ ኤንጂሲ፣ ሳንቲሙ እውነተኛ ከሆነ በፕላስቲክ ያሽጉታል፤ ግን ከ1 እስከ 70 ያለውን የደረጃ ቁጥር አይሰጡትም። በምትኩ «ዲቴይልስ» ብለው ጉዳቱን ይጽፉበታል፦ የታጠበ፣ የተበሳ፣ ቀለበት የተነሣለት። ይህ ጽሑፍ ዋጋ ይቀንሳል፤ ሐሰተኛ አለመሆኑን ግን ያረጋግጣል። እንግዲህ ክፍያውንና የፖስታውን ወጪ ያስሉ። ለ፲፰፻፹፯ ይጠቅማል እላለሁ። ለጠገራ አያዋጣም።

አክሱም አካባቢ እርሻ ላይ የተገኘች ትንሽ መዳብ ነገር አለችን፤ በአሲድ ልናጸዳት ነው።

በእግዚአብሔር፣ አሲዱን አስቀምጡት! የአክሱም ነገሥታት ከሦስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምረው በወርቅ፣ በብርና በመዳብ ሳንቲም መትተዋል። በአንዳንዶቹ የመዳብና የብር ሳንቲሞች ላይ በንጉሡ ራስ ዙሪያ ስስ የወርቅ ቅብ አለ፤ ከዝገቱ ሥር ተደብቆ ይቀመጣል፤ አሲድና ብሩሽ ከዝገቱ ጋር ጠርገው ይወስዱታል። የት እንደተገኘች፣ በስንት ጥልቀት፣ ከምን ጋር እንደነበረች ጻፉ። ይህ የዋጋ ጥያቄም አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት በድንገት የተገኘ ቅርስ ለቅርስ ባለሥልጣኑ መታወቅ አለበት፤ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትም ክልክል ነው። እንዳለች በወረቀት ጠቅልላችሁ ለአካባቢው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አሳዩ።

የታጠበውን መልሶ ማጥቆር ይቻላል? አንድ ሰው ከተቀቀለ እንቁላል ጋር ዘግተህ አሳድረው አለኝ።

እንቁላሉ ድኝ ስላለው ብሩ ይጠቁራል፤ ሰውየው አልዋሸህም። ግን ጥቁረቱ ከጭረቱ በላይ ነው የሚቀመጠው፤ በአምፖሉ ሥር ሲያዘነብሉት ጭረቱ ከሥር ይታያል። ያኔ ገዢው «ይህን የደበቀ ሌላስ ምን ደብቆኛል?» ይላል። ይልቅ በተራ የወረቀት ፖስታ አድርገህ ደረቅ መሳቢያ ውስጥ ተወው፤ ስትሸጠውም መታጠቡን ንገር። በጥርስ ሳሙና ያሸሁትን ግርሽ እንዲሁ ነው ያስቀመጥኩት። ባለፈው ወር አውጥቼ ሳየው ጠርዙ ዙሪያውን እንደ ገለባ ቢጫ መሆን ጀምሯል፤ መሃሉ ላይ ግን የጣቴ ዙሪት ጭረት አሁንም አለ።