ማትላብ ልማር ወይስ ፓይተን? ለኤሌክትሮኒክስ ጀማሪዎች

«ጋሼ፣ ማትላብ ልማር ወይስ ፓይተን?» ይሉኛል ልጆች። በተለይ የሦስተኛና የአራተኛ ዓመት የኤሌክትሪካል ተማሪዎች። ሁለቱም ስሌትን ለኮምፒዩተር የምንሰጥባቸው የፕሮግራም ቋንቋዎች ናቸው። እኔም መልሼ እጠይቃለሁ፤ ምን ልታሰሉ ነው? እዚህ ላይ አብዛኞቹ ዝም ይላሉ።

ኤሌክትሮኒክስ ውስጥ ስሌት ብዙ ዓይነት ነው። የአንድ ሬዚስተር ዋጋ መፈለግ አለ። ፊልተር በየፍሪኩዌንሲው ምን ያህል እንደሚያሳልፍ መሳል አለ። ቁጥር ሳይገባበት ቀመሩን ራሱን ማቃለል አለ። ዳዮድና ትራንዚስተር ያለበት ሰርኪዩት መብራት ሲለቀቅበት ምን እንደሚሆን ማየትም አለ። ሁሉንም በአንድ ሶፍትዌር ልወጣው ማለት ይቻላል፤ ግን ያደክማል።

ለመጀመሪያው ካልኩሌተር ይበቃል። ሠንጠረዥ ከሆነ ኤክሴል። ኤክሴልን የሚንቁ ኢንጂነሮች አሉ፤ እኔ አልንቀውም። የዕቃ ዝርዝር፣ የባትሪና የሶላር ስሌት በእሱ ቆንጆ ይሠራል። ችግሩ ቀመሩ ሴል ውስጥ መደበቁ ነው። ዓመት ቆይታችሁ ስትከፍቱት «ቢ7 ሲባዛ ሲ12» የሚል ነገር ታያላችሁ፤ ቢ7 ምን እንደነበር የሚያስታውስ የለም። ኮምፕሌክስ ቁጥር (ኤሲ ሰርኪዩት የሚሰላበት ባለ ሁለት ክፍል ቁጥር) ላይማ ለመደመር አንድ ፈንክሽን፣ ለማባዛት ሌላ ፈንክሽን መጥራት አለባችሁ። ኤሲ ሰርኪዩትን በዚያ መሥራት ራስን መቅጣት ነው።

ማትላብ ጥሩ ሶፍትዌር ነው፤ ማንም አይክደውም። ክሊቭ ሞለር የሚባሉ የሒሳብ ፕሮፌሰር ተማሪዎቻቸው ፎርትራን በሚባለው የቆየ የፕሮግራም ቋንቋ ሳይጽፉ በማትሪክስ እንዲሠሩ ብለው በ1970ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) የጀመሩት ነው። የሚሸጠው ኩባንያ በ1984 (እ.ኤ.አ.) ተቋቋመ። ግን ውድ ነው። ዋናውን ከገዛችሁም በኋላ ቱልቦክሶቹ (ለየሥራው የሚጨመሩት ክፍሎች) ለብቻ ይሸጣሉ።

እኛ ዘንድ ደግሞ ማትላብ ሲባል ብዙ ጊዜ ክራክ፣ ያለ ላይሰንስ እንዲሠራ የተሰበረ ቅጂ ማለት ነው። በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ሕጉን ለጊዜው እንተወውና ስለ ሥራው ላውራ። ክራክ የለመደ ልጅ ላይሰንስ የሚጠየቅበት ድርጅት ሲገባ እጁ ይታሰራል። ደግሞስ አብሮ ምን እንደገባ በምን ታውቃላችሁ? «መጀመሪያ አንቲቫይረሱን አጥፉ» ብሎ የሚጀምር መመሪያ ደህና ነገር ይዞ አይመጣም።

ኦክቴቭ የሚባል አለላችሁ። ነፃ ነው። አብዛኛው የማትላብ መሠረታዊ ኮድ እንዳለ ይሠራበታል። ሲሙሊንክ (ሲስተምን በሥዕል እያገናኙ የሚሞክሩበት የማትላብ ክፍል) ግን የለውም፤ ያንን አትጠብቁ። ፓይተንም ነፃ ነው፤ ነምፓይ፣ ሳይፓይና ማትፕሎትሊብ የሚባሉት የስሌትና የግራፍ ተጨማሪዎች ከተጫኑበት የሚጎድለው ጥቂት ነው። ከኤሌክትሮኒክስ ሰው ጋር ደግሞ ይግባባል፤ ኮምፕሌክስ ቁጥርን እንደ ሒሳብ ሰዎች በአይ ሳይሆን እንደኛው በጄ ይጽፋል። ነገ ኦሲሎስኮፕ (የሲግናል ቅርጽ የሚያሳይ መለኪያ) በዩኤስቢ አገናኝታችሁ ልኬት ልቅረጽ ብትሉም እዚያው ላይ ይሠራል። ሁለቱም አንዴ ከተጫኑ ኢንተርኔት አይፈልጉም። ይህን ቀላል ነገር አድርጋችሁ አትዩት። በየጊዜው በኢንተርኔት ላይሰንሴን ላረጋግጥ የሚል ሶፍትዌር ኔትወርክ በጠፋ ቁጥር ሥራ ያስፈታል።

አሁን አንድ ሎው ፓስ ፊልተር (ዝቅተኛውን ፍሪኩዌንሲ አሳልፎ ከፍተኛውን የሚቀንስ) እንሥራ። አንድ ሬዚስተር፣ አንድ ካፓሲተር። መቁረጫው፣ ማለትም መቀነስ የሚጀምርበት ፍሪኩዌንሲ፣ 1 ኪሎኸርዝ ይሁን፤ እጃችን ላይ ያለው ካፓሲተር 100 ናኖፋራድ ነው። ሬዚስተሩ ስንት ይሁን? ሶፍትዌሩ 1591.5494309 ኦም ይላል። ደስ ይላል አይደል? እኔ ግን ኮምፒዩተር ሳልከፍት 0.16ን (አንድ ለሁለት ፓይ ሲካፈል የሚመጣውን) ለፍሪኩዌንሲውና ለካፓሲተሩ ብዜት አካፍላለሁ፤ 1600 ይመጣል። ሱቅ ብትሄዱም የምታገኙት 1.6 ኪሎ ኦም ነው። እሱም ከተገኘ ነው፤ ካልተገኘ 1.5 ወይም 1.8 ይሰጣችኋል። ያ ሁሉ ከነጥብ በኋላ ያለ ቁጥር ምንም አልፈየደም።

ካፓሲተሩም የራሱ ነገር አለው። አሥር በመቶ ከፍና ዝቅ የሚል ከሆነ፣ ሬዚስተሩ ልክ 1.6 ኪሎ ኦም ቢሆን እንኳ መቁረጫው ከ904 እስከ 1105 ኸርዝ የትም ሊያርፍ ይችላል። በ1.5 ኪሎ ኦም ስናሰላ የሚመጣው 1061 ነው፤ እዚያው ውስጥ ነው። ታዲያ ሶፍትዌር ለምኔ? ለዚሁ ነዋ። ሬዚስተሩንም ካፓሲተሩንም በየመቻቻላቸው (ከተጻፈባቸው ዋጋ በሚለዩበት መጠን) እያወዛወዛችሁ አሥር ሺህ ጊዜ አስሉት በሉት። ኦክቴቭም ፓይተንም በሰከንዶች ውስጥ ከሺህ ፊልተር ስንቱ ከምትፈልጉት መቁረጫ ውጭ እንደሚወጣ ይነግራችኋል። ያንን በእጅ የሚሠራ የለም። በእኛ ጊዜ የፊልተር ግራፍ በሴሚሎግ (አንዱ ጎኑ በሎጋሪዝም በተሰመረ) ወረቀት ነበር የምንስለው፤ ወረቀቱ ካለቀ ሥራው ይቆማል። ስለዚህ የእናንተን ዘመን አልንቅም።

ሶፍትዌር ስትቀይሩ የምትጠነቀቁት ነገር አለ። መቶ እጥፍ የሚያጎላ አምፕሊፋየር ስንት ዴሲቤል (ማጉላት በሎጋሪዝም የሚለካበት) ነው? አርባ። ኤክሴል ላይ 20 ሲባዛ ሎግ 100 ብትጽፉ አርባ ይላችኋል። ያንኑ ኦክቴቭ፣ ማትላብ ወይም ፓይተን ላይ ጻፉት፤ 92.1 ይላል። እነሱ ዘንድ ባዶ ሎግ ማለት የተፈጥሮ ሎጋሪዝም ነው፤ የምንፈልገው ሎግ10 ይባላል። ስህተት ብሎ አይጮህም፤ ቀይ መስመርም የለውም። አርባ ሺህ እጥፍ የሚያጎላ አምፕሊፋየር ሠርታችሁ ቁጭ! ሳይን 30ም እንደዚያው ነው፤ በዲግሪ ከለመዳችሁት ካልኩሌተር ግማሽ ይመጣል፣ እዚህ ግን አንግሉ በራዲያን ነው። ስለዚህ አዲስ ሶፍትዌር ስጭን መጀመሪያ የማስገባበት መልሱን በቃሌ የማውቀውን ስሌት ነው።

ቀመር ለማቃለል ማክሲማ ወይም የፓይተኑ ሲምፓይ ይበቃል። ቀመሩን ደብተር ላይ እንደምንጽፈው እያሳየ ኦሙንና ፋራዱንም የሚከታተል የሚፈልግ ማትካድ አለው፤ በነፃ ከሆነ ደግሞ ኤስማዝን ይሞክር። ሚሊና ማይክሮ ለሚምታታበት ሰው ጥሩ መድኃኒት ነው።

ዳዮድና ትራንዚስተር ሲገባ ግን ከእነዚህ ውጡ። ለዚያ ስፓይስ የሚባል ሰርኪዩትን በኮምፒዩተር የሚሞክር ሶፍትዌር አለ፤ አሜሪካ ውስጥ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተሠራ ነው። ዛሬ ከእሱ የመጣውን ኤልቲስፓይስን በነፃ ታገኛላችሁ። እዚህም ወጥመድ አለ። አንድ ሜጋ ኦም ልበል ብላችሁ 1ኤም ብትጽፉ፣ ትልቁንም ትንሹንም ኤም እንደ ሚሊ ነው የሚያነበው። ሬዚስተራችሁ ወደ ሽቦ ይቀየራል። ሜጋ ሲፈለግ ሜግ ተብሎ ነው የሚጻፈው።

ወደ ጥያቄያችሁ ልመለስ። ትምህርት ላይ ከሆናችሁና መምህራችሁ በማትላብ የሚያስተምሩ ከሆነ ኦክቴቭን ጫኑ። ሥራ ልትጀምሩ ከሆነ ወይም ከመለኪያ መሣሪያ ጋር የምትሠሩ ከሆነ ፓይተን። ኤልቲስፓይስ ለሁላችሁም። የትኛውንም ብትይዙ ፋይሉ አናት ላይ የሰርኪዩቱን ስም፣ የእያንዳንዱን ዋጋ መለኪያና ቀመሩን ከየት እንዳመጣችሁት ጻፉ። እናንተ ሌላ ቦታ ስትቀጠሩ ፋይሉን የሚከፍተው ሌላ ሰው ነው። ዩኒቨርሲቲያችሁ ሕጋዊ የማትላብ ላይሰንስ ካለው ደግሞ ሳታቅማሙ ተጠቀሙበት፤ ኦክቴቭ ላይ የጻፋችሁት አብዛኛው እዚያም ይሠራል።