የአንባቢ ጥያቄ፦ ውድድሩ ሲያድግ መጨረሻ የሚገባውን ማን ያየዋል?

በዚህ ወር የደረሱንን ደብዳቤዎች ስከፍት ገረመኝ። ግማሽ ያህሉ ስለ አማተር የብስክሌት ውድድር ናቸው። አንዱ አዘጋጅ ነው፣ አንዱ ጀማሪ፣ አንዷ ልጇን ልታሰልፍ ነው። እኔም ብዙ ዓመት ተወዳድሬ አሁን ፊሽካና ሰዓት ይዤ መጨረሻ መስመር ላይ ነው የምቆመው። ስለዚህ ዛሬ ሌላውን ጥያቄ ሁሉ ለሚቀጥለው ወር ላቆየውና ስለዚህ ብቻ እናውራ።

ጥያቄ፦ ከጓደኞቼ ጋር በወር አንድ ጊዜ የዙር ውድድር፣ ማለትም አንድን መንገድ ደጋግመን የምንዞርበት ውድድር፣ እናዘጋጃለን። ስንጀምር 12 ነበርን፣ አሁን 70 ሰው ይመጣል። ሁሉም አብሮ ነው የሚነሳው። ባለፈው የመጨረሻው መታጠፊያ ላይ ስምንት ሰው ተደራርቦ ወደቀ፣ አንዱ ትከሻው ተሰበረ። የሰው ቁጥር እንቀንስ ወይስ ምን ይሻላል? (ከአዘጋጆቹ አንዱ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ በቅድሚያ የተጎዳውን ልጅ እግዜር ይማረው። ሰው አትቀንሱ፤ ለዩት። ችግሩ 70 መሆናችሁ አይደለም። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድና 28 የሚሄድ ሰው አንድ መታጠፊያ ውስጥ እኩል መግባታቸው ነው። አንዱ መስመሩን ያውቃል፣ ሌላው ፈርቶ ፍሬን ይይዛል፣ ከኋላ ያለው ደግሞ የሚያመልጥበት ቦታ የለውም።

በሦስት ምድብ ክፈሉ፣ በዕድሜ ሳይሆን በአቅም። የ50 ዓመት ሰው የ20 ዓመት ጎረምሳ ጥሎ ሲሄድ ስንቴ አይቻለሁ። ጀማሪ ከታችኛው ምድብ ይነሳ፣ ሁለት ሦስቴ ካሸነፈ ወደ ላይ ይውጣ። ይህን አስቀድማችሁ በጽሑፍ አስቀምጡት፣ አለበለዚያ ታች ተቀምጦ ዋንጫ የሚሰበስብ ሰው አይጠፋም። ሦስቱ ምድቦች በአንድ ጊዜ መንገዱ ላይ ባይኖሩ ነው የምመርጠው። ጠዋቱ ይረዝማል፣ ዳኞች ይደክማሉ፣ ግን አንዱ ምድብ ሲወዳደር ሌላው መታጠፊያ ላይ ቆሞ ባንዲራ ይይዝላችኋል። አስተባባሪ አጣን የሚል አዘጋጅ ሁሉ ይህን ይሞክር።

አሁን ወደዚያ መታጠፊያ እንመለስ። ከእሱ እስከ መጨረሻው መስመር ስንት ሜትር እንደሆነ አልጻፍክልኝም፣ ቅርብ እንደሆነ ግን እገምታለሁ። መስመሩ ለመታጠፊያው ከቀረበ ውድድሩ የሚያልቀው መታጠፊያው ላይ ነው። ቀድሞ የገባ ያሸንፋል፣ ስለዚህ ሁሉም ቀድሞ ለመግባት ይጋፋል። መስመሩን አርቁት። ቢያንስ 200 ሜትር፣ ቦታ ካለ 300 ሜትር ቀጥ ያለ መንገድ ይኑር። ያኔ ሰው በእግሩ ነው የሚፎካከረው።

ሌላው መጥረጊያ ነው፤ አዎ፣ መጥረጊያ። ውድድር ባለ ቀን በማለዳ እያንዳንዱን መታጠፊያ በእግሬ እየሄድኩ አያለሁ። ብስክሌት ከኩርባ ሲወጣ ወደ ውጭኛው ጠርዝ ይሰፋል፣ መኪና የገፋው አሸዋና ጠጠር የሚጠራቀመውም እዚያው ጠርዝ ላይ ነው። ቆመህ ስታየው ንጹሕ አስፋልት ይመስላል። ቁጢጥ ብለህ በመዳፍህ ስትዳብሰው ግን ፍርፋሪው እጅህ ላይ ይቀራል። ያ ፍርፋሪ ነው ሰው የሚጥለው።

አንድ ነገር ልንገርህ። ከዓመታት በፊት ዳኝነቱን በምመራበት ውድድር አንድ መግቢያ ላይ አንድ ልጅ ብቻውን አቆምኩ። ልጁ ለሁለት ደቂቃ ዞር አለ። በዚያች ሁለት ደቂቃ መኪና ገባ። ፊሽካዬን እየነፋሁ ስሮጥ ልቤ ልትወጣ ነበር። ማንም አልተነካም፣ ጥፋቱ ግን የእኔ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ማንንም ብቻውን አላቆምም። ሁለት ሁለት ሰው። የመጀመሪያ እርዳታ የሚያውቅ ባለሙያ ቦታው ላይ ከሌለ ደግሞ የመነሻው ፊሽካ አይነፋ። ሄልሜትም ያለ ድርድር። በታላላቆቹ የጎዳና ውድድሮች ሄልሜት ግዴታ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2003 የካዛኪስታኑ አንድሬ ኪቪሌቭ በፓሪስ ኒስ ውድድር ላይ ወድቆ ጭንቅላቱን ተመትቶ ከሞተ በኋላ ነው። ሄልሜት አላደረገም ነበር። እኛ ያንን ከራሳችን ሰው ላይ እስክናይ አንጠብቅ።

ጥያቄ፦ 24 ዓመቴ ነው። ለብቻዬ 80 ኪሎ ሜትር ያለ ችግር እሄዳለሁ። የመጀመሪያ ውድድሬ ላይ ግን በሦስተኛው ዙር አብሮ ከሚሄደው ቡድን ወደኋላ ቀርቼ ተቆረጥኩ። አፍሬ ሳልጨርስ ወደ ቤቴ ሄድኩ። አቅም የለኝም ማለት ነው? (ጀማሪው)

መልስ፦ አቅም አለህ። የጎደለህ ቦታ ነው።

ሜዳ መንገድ ላይ ስትፈጥን ጉልበትህን የሚበላው በዋናነት አየሩ ነው። ፍጥነትህ እጥፍ ሲሆን የአየሩ ግፊት አራት እጥፍ ይሆናል። ከሰው ጎማ ጀርባ ተጠግተህ ስትሄድ ግን ከጉልበትህ ሲሶ ያህሉን ትቆጥባለህ። ለዚህ ነው ብቻውን የቀረ ሰው ጠንካራ ቢሆንም ቡድኑን መልሶ መያዝ የሚያቅተው።

"ታዲያ ቡድኑ ውስጥ ነበርኩ እኮ" ትለኝ ይሆናል። ጭራ ላይ ነበርክ። መታጠፊያ ላይ ፊት ያሉት አምስት ሰዎች ፍሬን ብዙም ሳይነኩ ያልፋሉ። ከኋላቸው ያለው ትንሽ ይይዛል፣ ቀጥሎ ያለው ትንሽ ጨመር አድርጎ ይይዛል፣ እንዲህ እያለ ጭራው ጋ ሲደርስ ሰው ሊቆም ምንም አይቀረው። ከዚያ ከኮርቻው ተነስቶ እንደገና መፍጠን አለበት። ዙሩ አራት መታጠፊያ ካለውና 25 ዙር ከሆነ፣ መቶ ጊዜ ማለት ነው። ፊት ያለው ሰው ያን ሁሉ ጊዜ እግሩን እያሳረፈ ነው የሚሄደው። አንተ የተቆረጥከው ከሁሉም በላይ ስለለፋህ ነው።

ስለዚህ ከፊተኛው ሲሶ አትውጣ። እዚያ ለመቆየት ብቻ እንኳ በየዙሩ ትንሽ ወደፊት መውጣት አለብህ፣ ምክንያቱም ሁልጊዜ የሚያልፍህ ሰው አለ። ቀጥታው መንገድ ላይ በጎን የሚወጣ ሰው ስታይ ጀርባው ግባና አብረህ ውጣ። ዓይንህን ፊትህ ያለው ጎማ ላይ አትትከል። ከእሱ ፊት ያለውን ሰው ወገብ እይ፤ ወገቡ ከኮርቻው ብድግ ካለ ሊፈጥን ነው፣ አንተም ተዘጋጅ። የፊት ጎማህ ደግሞ ከፊትህ ካለው ሰው የኋላ ጎማ ጎን ፈጽሞ አይግባ። እሱ ትንሽ ዘወር ቢል ጎማዎቹ ይነካካሉ፣ የምትወድቀውም አንተ ነህ። ከመነሻው በፊት 20 ደቂቃ ያህል ሰውነትህን አሙቅ። የዙር ውድድር ገና ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ ይሮጣል።

አፍሬ ሄድኩ ያልከው ግን አሳዘነኝ። እኔ መስመሩ ላይ ቆሜ የማጨበጭበው አንደኛ ለወጣው ብቻ አይደለም። አዘጋጆችም ስሙኝ፦ ጀማሪ ሲቆረጥ ወዲያው አታስወጡት። መንገዱ ከተዘጋና ሌላ ምድብ ከሌለበት የተቆረጡት ተሰባስበው የራሳቸውን ቡድን ይሥሩ፣ እዚያው ጎማ መከተል ይማሩ፣ መሪው ሲገባ እነሱም ባሉበት ዙር ይጨርሱ። ይህ ልጅ እንዲህ ቢደረግለት ኖሮ ዛሬ የሚጽፍልኝ ስለሚቀጥለው ውድድር ነበር።

ጥያቄ፦ ተከታታይ ውድድራችን በዓመት ስምንት ጊዜ ነው። አንድ ልጅ የመጀመሪያዎቹን አራት አከታትሎ አሸነፈ። ሌላው "አለቀ" ብሎ መቅረት ጀምሯል። የነጥብ አሰጣጡን እንቀይር? (ነጥብ ያዡ)

መልስ፦ በመሃል እንዳትነኩት። ልጁ ምን አጠፋ? ለሚቀጥለው ዓመት ግን ቀይሩት፣ ያውም ብዙ።

ነጥብ ለሦስት ሰው ብቻ ከሆነ አራተኛው ምን ያደርጋል? እስከ 20ኛ ስጡ፣ ለጨረሰ ሁሉ ደግሞ አንድ ነጥብ። ከስምንቱ የተሻሉትን ስድስት ውጤቶች ብቻ ቁጠሩ፣ ሰው ታሞ ወይም ሥራ ይዞት ሁለቴ ቢቀር ዓመቱ እንዳይበላሽበት። በመሃል ዙሮች ላይም ነጥብ ያለው ስፕሪንት (የአጭር ርቀት የፍጥነት ፉክክር) አስገቡ። ስፕሪንት ላይ የሚበረታ አለ፣ ቀድሞ ማምለጥ የሚወድ አለ፣ ሁሉም የሚፎካከርበት ነገር ያገኛል።

ብዙ ቀን የሚፈጀው የፈረንሳዩ ታላቅ ውድድር ቱር ደ ፍራንስም ይህን ሲሞካክር ነው የኖረው። እ.ኤ.አ. በ1903 በሰዓት ድምር ጀመረ፣ ከ1905 እስከ 1912 በነጥብ ሆነ፣ ከዚያ ወደ ሰዓት ተመለሰ። በ1953 ደግሞ ከሰዓቱ ጎን የነጥብ ውድድር ተጨመረና አረንጓዴ ማሊያ ተሰጠው። ኤርትራዊው ቢኒያም ግርማይ በ2024 ሦስት የዕለት ውድድሮችን አሸንፎ የወሰደው ይህንኑ ማሊያ ነው። በአጠቃላይ ሰዓት ከመሪዎቹ በጣም ይርቅ ነበር። ያ ሁለተኛ ሰንጠረዥ ባይኖር ኖሮ ያን ማሊያ ለብሶ አናየውም ነበር።

ጥያቄ፦ ልጄ 15 ዓመቷ ነው፣ ብስክሌት ነፍሷ ነው። ሴቶቹ አራት ብቻ ስለሆኑ ከጀማሪ ወንዶች ጋር ያሰልፏታል፣ ውጤቷም እነሱ መሃል ይጠፋል። ተስፋ እየቆረጠች ነው። ላስቀራት? (እናት)

መልስ፦ እህቴ፣ አያስቀሯት። ከወንዶቹ ጋር መሄዱ ራሱ ክፉ አይደለም፤ አራት ሰው ብቻውን ቡድን ውስጥ መሄድን አያስተምርም። የሚያስከፋው ውጤቷ መጥፋቱ ነው፣ እሱን ማስተካከል ደግሞ ቀላል ነው። አዘጋጆቹን ሦስት ነገር ይጠይቋቸው፦ ለሴቶቹ በቀለም የተለየ የደረት ቁጥር፣ የራሳቸው ነጥብና ሰንጠረዥ፣ ሽልማትም ከሌሎቹ እኩል መድረክ ላይ፣ ሰው ሳይበተን።

"አራት ብቻ ናቸው" ካሉዎት ደግሞ ይህን ይንገሯቸው። ወንዶች እ.ኤ.አ. በ1896 በመጀመሪያው ዘመናዊ ኦሊምፒክ በጎዳና ብስክሌት ተወዳድረዋል። ሴቶች የተፈቀደላቸው በ1984 ሎስ አንጀለስ ላይ ነው፤ 88 ዓመት ቆይቶ። ያን ቀን አሜሪካዊቷ ኮኒ ካርፔንተር የአገሯን ልጅ ሬቤካ ትዊግን የቀደመቻት በግማሽ ጎማ እንኳ አይሞላም። መስመሩ ላይ ሲደርሱ ካርፔንተር ክንዷን ዘርግታ ብስክሌቱን ከሥሯ ወደፊት ገፋችው፣ ያቺ ግፊት ናት ወርቁን ያመጣችው። ለልጅዎ ይህን ያሳዩዋት፣ ባዶ መንገድ ላይ ትለማመደው። እና አደራ፣ ስለ ኪሎዋ ማንም አሠልጣኝ ነኝ ባይ እንዳይናገራት። በዚህ ዕድሜ በደንብ ትብላ፣ በደንብ ትተኛ።

ጥያቄ፦ ብስክሌቴ አሮጌ ነው፣ 11 ኪሎ ይመዝናል። ሰው ይስቅብኛል? (ባለ አሮጌው)

መልስ፦ ና ተወዳደር። ዓለም አቀፉ የብስክሌት ኅብረት ለታላላቆቹ እንኳ ከ6.8 ኪሎ በታች አይፈቅድም፣ ስለዚህ አንተና እነሱ መሃል ያለው ልዩነት አራት ኪሎ ያህል ነው፤ ዳገት ላይ ይሰማሃል፣ ሜዳ ላይ ብዙም አይታወቅህም። እኔ መነሻው ላይ ስትመጣ የማየው ሌላ ነገር ነው። ፍሬኖቹ ይይዛሉ? ጎማው ተሰንጥቋል? ቸርኬው ሲዞር ይወላገዳል? ካቴናው ደርቋል? ከዚያ የመሪውን ሁለት ጫፍ በአውራ ጣቴ እጫናለሁ። ክፍት ቱቦ ከሆነ አላስነሳህም፣ ምክንያቱም ስትወድቅ ያ ክብ ብረት ሥጋ ይቆርጣል። መድፈኛው ጠፍቶብህ ከሆነ የጠርሙስ ቡሽ በልኩ ቅረጽና ጥብቅ አድርገህ አስገባበት። ከዚያ ቁጥርህን ተቀበል።