ለማስተማር ወደ ቻይና ለምትሄዱ ወጣት መምህራን

ውድ ወጣቶች፣

ለአንድ ወይም ለሁለት ዓመት ቻይና ሄዳችሁ ለማስተማር ያሰባችሁ ሁሉ አብዛኛውን ጊዜ የምትጠይቁኝ ስለ ደመወዙ፣ ስለ ምግቡና ስለ ቋንቋው ነው። ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው። ሆኖም እኔ እዚያ ሳስተምር ችግር ላይ ወድቀው ያየኋቸው ባልደረቦች ችግራቸው የጀመረው ገና አዲስ አበባ ሳሉ ስለ ነበር፣ አስቀድሜ የማነሣው የቪዛውንና የውሉን ነገር ነው።

መደበኛ መምህር በቻይና በሕጋዊ መንገድ ተቀጥሮ የሚሠራው ዜድ በሚባለው የሥራ ቪዛ ገብቶ ነው። ቀጣሪው ትምህርት ቤት በቅድሚያ የሥራ ፈቃድ ማሳወቂያ ደብዳቤ ያስወጣላችኋል፤ እናንተ ደብዳቤውን ይዛችሁ በቻይና ኤምባሲ በኩል ቪዛውን ትጠይቃላችሁ፤ ከገባችሁ በኋላ ደግሞ በ30 ቀናት ውስጥ የመኖሪያ ፈቃድ ለማግኘት ታመለክታላችሁ። ደላላው ግን «ይህ ሁሉ ጊዜ ይፈጃል፤ በንግድ ወይም በተማሪ ቪዛ ግቡ፣ እዚያ ይቀየርላችኋል» ይላችኋል። አትስሙት። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ የሚሠራበት የመግቢያና የመውጫ ሕግ፣ ያለ ፈቃድ ሲሠራ የተገኘን የውጭ ዜጋ ከ5,000 እስከ 20,000 ዩዋን ያስቀጣል፤ ጉዳዩ ከበድ ያለ ከሆነም ከ5 እስከ 15 ቀን እስር ይጨመርበታል። እኔን ይበልጥ የሚያስጨንቀኝ ግን ቅጣቱ አይደለም። ያለ ፈቃድ የሚሠራ መምህር ደመወዙ ቢከለከል ደፍሮ አቤት ሊል አይችልም፤ ቀጣሪውም ይህን አሳምሮ ያውቃል።

እንግሊዝኛ ለማስተማር ያሰባችሁ ደግሞ ነገሩን ከሥሩ ብታውቁት ይሻላል። የአገሪቱ ደንብ የውጭ ቋንቋ መምህር የአፍ መፍቻ ቋንቋውን የሚያስተምር፣ ቢያንስ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለውና እንደ አጠቃላይ ደንብ የሁለት ዓመት ልምድ ያካበተ እንዲሆን ይጠይቃል። በኢትዮጵያ ፓስፖርት የእንግሊዝኛ ቋንቋ መምህር እናደርጋችኋለን የሚል መዋለ ሕፃናት ወይም የቋንቋ ማሠልጠኛ ሲያጋጥማችሁ፣ ፈቃዱ በምን የሥራ መደብ እንደሚወጣ በጽሑፍ ጠይቁ። ደንቡ ፍትሐዊ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ሌላ ክርክር ነው፤ እኔ በበኩሌ የእኛን አገር መምህራን የሚያህል ሰዋስው አስረድቶ የሚያስተምር ከእንግሊዝኛ ተናጋሪ አገሮች በመጡት ዘንድ ብዙ አላየሁም። ለኢትዮጵያዊ የሚያዋጣው በር ሒሳብን፣ ፊዚክስን፣ ኬሚስትሪን የመሳሰሉ ትምህርቶች በእንግሊዝኛ በሚሰጡባቸው ትምህርት ቤቶችና በዩኒቨርሲቲዎች በኩል ያለው ነው። የአማርኛ ትምህርት በሚሰጥበት በቤይጂንግ የውጭ ጥናቶች ዩኒቨርሲቲ ደግሞ አማርኛ አፍ መፍቻችን መሆኑ ራሱ ብቃት ነው።

ከሰነዶች ሁሉ ብዙ ሰው የሚያጉላላው የስም አጻጻፍ ነው። በዲግሪያችሁ ላይ የአባታችሁ ስም በእንግሊዝኛ ፊደል በአንድ «ኤስ»፣ በፓስፖርታችሁ ላይ ደግሞ በሁለት ተጽፎ ሊሆን ይችላል፤ እዚህ ማንም ልብ የማይለው ይህ ልዩነት እዚያ ማመልከቻችሁን ሊያስመልስ ይችላል። ዲግሪያችሁን፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤያችሁንና ከፌዴራል ፖሊስ የምታወጡትን ከወንጀል ነፃ ማስረጃ ከፓስፖርቱ ጋር ፊደል በፊደል አስተያዩ፤ የሚለያይ ካለ ማረጋገጫ ከመጀመራችሁ በፊት ከሰጪው ተቋም አስተካክሉት። አሜሪካ ያላችሁ ልጆች ዕድለኞች ናችሁ፤ ቻይና አባል አገሮች አንዱ የሌላውን ሰነድ ያለ ቆንስላ ማረጋገጫ የሚቀበሉበትን የአፖስቲል ስምምነት እ.ኤ.አ. ከኅዳር 7 ቀን 2023 ጀምሮ ተግባራዊ ስላደረገች፣ በአሜሪካ የተሰጡ ሰነዶቻችሁ ለቆንስላ ማረጋገጫ መንከራተት ቀርቶላቸዋል።

ውሉ ብዙውን ጊዜ በቻይንኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን ይዘጋጃል፤ ልዩነት ሲነሣ ግን በአብዛኛው የሚጸናው ቻይንኛው ነው። ስለዚህ ቻይና ተምሮ ለመጣ ሰው ከፍላችሁም ቢሆን አስነብቡት። የሳምንቱ 20 ሰዓት የማስተማሪያ ብቻ ነው ወይስ ቢሮ መቀመጥንም ይጨምራል? ቤቱን ትምህርት ቤቱ ይሰጣል ወይስ የቤት አበል ይከፍላል? የአውሮፕላን ትኬቱ ገንዘብ የሚመለሰው መቼ ነው? በተለይ ውል ማፍረሻ የሚለውን አንቀጽ ደግማችሁ አንብቡ፤ የሥራ ፈቃዱ ከቀጣሪው ጋር የተሳሰረ በመሆኑ፣ ቀጣሪያችሁ መልቀቂያ ካልጻፈላችሁ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት መዛወር እጅግ ያስቸግራል። ከተቻለ ማሠልጠኛዎችን ትታችሁ መደበኛ ትምህርት ቤት ምረጡ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2021 መንግሥት ለትርፍ የሚሰጠውን የመደበኛ ትምህርት ማጠናከሪያ ሲያግድ ብዙ ማሠልጠኛዎች ተዘግተው፣ የወራት ደመወዝ ያልተከፈላቸው የውጭ መምህራን ሜዳ ላይ ቀርተዋል።

ከመነሣታችሁ በፊት ዊቻት የተባለውን የመልእክት መለዋወጫ መተግበሪያ ስልካችሁ ላይ ጫኑ፤ ለቤተሰባችሁም ጫኑላቸው። ቴሌግራም፣ ዋትስአፕ፣ ፌስቡክና ጉግል እዚያ ተዘግተዋል። በደረሳችሁ በ24 ሰዓት ውስጥ፣ ሆቴል ካላረፋችሁ በቀር፣ በአካባቢያችሁ ፖሊስ ጣቢያ መመዝገብ ግዴታችሁ ነው። የሰዓቱ ልዩነት አምስት ስለሆነ፣ እናንተ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ክፍል ስትገቡ አዲስ አበባ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው፤ እናታችሁን አታስደንግጧት።

ስለ ብርዱ ማንም አይነግራችሁም። ቤይጂንግ ሰሜን ስለሆነች ትከብዳለች ብላችሁ ትፈሩ ይሆናል፤ ነገር ግን እዚያ እንደ እ.ኤ.አ. ከኅዳር 15 እስከ መጋቢት 15 ድረስ ከማዕከል የሚመጣ ማሞቂያ ቤቱን ሁሉ ያሞቀዋል። ከቺንሊንግ ተራሮችና ከሁዋይ ወንዝ በስተ ደቡብ ግን ይህ ማሞቂያ በልማድ የለም። እኔ ባስተማርኩባት በቻንግሻ በጥር ወር ተማሪዎቼ ካፖርታቸውን እንደ ለበሱ ይማሩ ነበር፤ ጠመኔውም በደነዘዘ ጣት አልያዝ ይል ነበር። ስለዚህ ደቡብ የተመደባችሁ ከሰሜኑ ይልቅ ከሥር የሚለበስ ወፍራም ልብስ ያዙ። ሻንጣችሁ ውስጥ ሽሮና በርበሬ ለመያዝ ብታስቡ እረዳችኋለሁ፤ ንጥር ቅቤና ቋንጣ ግን የወተትና የሥጋ ውጤት በመሆናቸው ይዞ መግባት የተከለከለ ነው፣ በእናት እጅ የተነጠረ መሆኑን ጉምሩክ ከቁም ነገር አይቆጥረውም።

አሁን ወደ ክፍሉ ልግባ። ሃምሳ ተማሪ በአንድ ክፍል መገኘቱ እኛን አያስደነግጠንም፤ ግራ የሚያጋባው ዝምታው ነው። «ገባችሁ?» ስትሏቸው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ ፈተናውን ስታርሙ ያልገባቸው ብዙ መሆናቸውን ታያላችሁ። ተማሪው በሰው ፊት ተሳስቶ ፊቱ እንዲቀላ አይፈልግም፤ መምህሩን መጠየቅም «በደንብ አላስረዳኸኝም» ማለት የሚመስለው ብዙ ነው። እኔን የጠቀመኝ ዘዴ ጥያቄውን ሰሌዳ ላይ ጽፌ ጎን ለጎን የተቀመጡት ሁለት ሁለት ሆነው በወረቀት እንዲሠሩት ማድረግና በዴስኮቹ መካከል እየዞርኩ ዝቅ ብዬ ማነጋገር ነበር፤ መልሱ የሁለቱ ስለሆነ ስሕተቱም የአንዱ ብቻ አይሆንም። ከክፍል አለቃው ጋር ተግባቡ፤ ሥልጣኑ ከእኛ አገሩ አለቃ ሳይበልጥ አይቀርም። ከምሳ በኋላ መጋረጃ ተጋርዶ፣ መብራት ጠፍቶ፣ ተማሪው ሁሉ ዴስክ ላይ ተደፍቶ ሲተኛ ብታዩ ሰነፎች አይምሰሏችሁ፤ ብዙዎቹ በእኛ አቆጣጠር እስከ ምሽቱ 3 ወይም 4 ሰዓት ክፍል ውስጥ ሲያጠኑ ያመሻሉ። የሁለተኛ ደረጃው ኑሮ ሁሉ በሰኔ መጀመሪያ ወደሚሰጠው ጋኦካኦ ወደተባለው አገር አቀፍ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ያዘነበለ ነውና፣ ከፈተና ውጭ የሆነ ጥሩ ሐሳብ ይዛችሁ ብትገቡ «ይህ ይወጣል?» የሚል ዓይን ይጠብቃችኋል። ሐሳቡን አትተዉት፤ ግን ከመስከረም ሳይሆን ተማሪዎቹ እናንተን ካመኑ በኋላ አምጡት።

ሥራው ጊዜያዊ መሆኑን ከልብ የምታምኑ ከሆነ መመለሻችሁን ከመሄዳችሁ በፊት አበጁ። ዩኒቨርሲቲ የምታስተምሩ ከመልቀቅ ይልቅ ያለ ደመወዝ ፈቃድ ጠይቁ፤ ተከልክላችሁ ካልሆነ በቀር የሥራ መደባችሁን አትበትኑ። ውላችሁ ሊያልቅ ሁለት ወር ሲቀረው ደግሞ፣ መልቀቂያውንና የሥራ ፈቃዱን መሰረዣ ከትምህርት ቤቱ፣ ዩዋኑን ወደ ዶላር ስትቀይሩ ባንኩ የሚጠይቃችሁን የግብር ማስረጃ ከግብር መሥሪያ ቤቱ፣ እዚያ በኖራችሁበት ዘመን ወንጀል እንደሌለባችሁ የሚገልጸውንም ማስረጃ እዚያው ሳላችሁ ማውጣት ጀምሩ፤ ነገ ሌላ አገር ለሥራ ወይም ለትምህርት ስታመለክቱ ይህን የመጨረሻውን ሊጠይቋችሁ ይችላሉ፣ አዲስ አበባ ተቀምጦ ማስላኩ ደግሞ ብዙ ደጅ ያስጠናል።