ግድግዳው የሚንቀሳቀስ ቢሮ ከመከራየትሽ በፊት

እህቴ፣ «ጎሮ አካባቢ ክፍሎቹ እንደ ሠራተኛው ብዛት የሚሰፉና የሚጠቡ አዲስ ሕንፃ አይተናል፤ አሥራ ሁለት ነን፣ ግማሾቻችን ከቤት እንሠራለን፤ እንከራየው?» ብለሽ ለጠየቅሽው፦ እኛ ያለነው አያት፣ ባቡሩ ከሚያበቃበት ብዙም ሳይርቅ፣ እንደዚያው ባለ ሕንፃ ውስጥ ነው። ተከራዪው፤ ግን እነዚህን ሳታዪ አትፈርሚ።

1. ግድግዳው መንቀሳቀሱን ተዪው፣ ይንቀሳቀሳል። መብራቱ አብሮት ይሄዳል ወይ? እ.ኤ.አ. በ1986 የተመረቀው የለንደኑ ሎይድስ ሕንፃ ደረጃውን፣ አሳንሰሩንና ቧንቧውን ወደ ውጭ ያወጣው ወለሉ እንደ ልብ እንዲቀያየር ነው። የእኛ ሕንፃ ሶኬቶች ግን በሙሉ ዳር ዳሩን ግንቡ ላይ ተተክለዋል። መካከል ላይ ክፍል በሠራን ቁጥር ኤክስቴንሽን በምንጣፍ ሥር እንስባለን። ብሬከር ሲወርድ ደግሞ ከጎረቤት ጋር አብረን እንጨልማለን።

2. ኮርኒሱን አስከፍተሽ እዪ። ግድግዳው እዚያው ካበቃ ከላይ ባዶ ነው፣ ድምፅ ይሻገራል። በር ዘግተን ስለ ደመወዝ ጭማሪ በተነጋገርን ማግስት የጎረቤት ድርጅት ሒሳብ ሠራተኛ «እንኳን ደስ አላችሁ» አለችን።

3. ውሉ። እዚህ ላይ ነው ያንገበገቡኝ። ማስታወቂያቸው «እንደ ፍላጎትዎ ይሰፋል» ይላል፤ አንድ ግድግዳ ይነሣልን ስንል ግን የሕንፃው አስተዳዳሪ «ይህ እድሳት ነው» ብሎ ከነ15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክሱ ሒሳብ አቀረበልን። በካሬ የምንከፍለው ኪራይም ለካ የጋራ ኮሪደሩን ጨምሮ ኖሯል፤ ሜትር ይዤ ወርጄ ለካሁት፣ ቀነሱ። ይባስ ብሎ ንግድ ፈቃድ ልናድስ የሄድንበት ቢሮ ባለሙያዋ ውሉን ቀና ሳትል አንብባ «የሚሰፋና የሚጠብ አድራሻ አንመዘግብም» ብላ መለሰችልን። ለአለቃዋ አቤት ብል «እሷ ካለች አለች» ነው መልሱ። መፍትሔውን ያገኘሁት ራሴ ነኝ፦ በዋናው ውል ላይ የማይነካ አንድ ክፍል ከነቁጥሩና ከነካሬው፣ የሚሰፋው ደግሞ በአባሪ፤ ግድግዳ የማንሣቱ ወጪ በአከራዩ። ጠበቃ አልቀጠርኩም። ያንን አባሪ ዛሬ የሕንፃው ተከራዮች ሁሉ እየገለበጡት ነው፤ ለአንቺም እልክልሻለሁ።

ደግሞ በምዕራብ በኩል ያለውን ክፍል ጠዋት ሊያሳዩሽ ከፈለጉ እሺ አትበያቸው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሂጂና መስታወቱ ሥር ጥቂት ተቀምጠሽ እዪው።