ጥያቄና መልስ፦ «ዌንት» የማን ልጅ ነው?

ዛሬ ስለ አንድ የእንግሊዝኛ ግስ ብቻ ነው የምናወራው፤ ስለ «ጎ»፣ መሄድ። አስቀድሜ ላስጠንቅቅ፦ ድምፃቸው ስለተመሳሰለ ብቻ ሁለት ቃላትን አታዛምዱ።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ብዙዎቹ የእንግሊዝኛ ግሶች ሲያልፉ፣ ማለትም ኃላፊ ጊዜ ሲሆኑ፣ መጨረሻቸው ላይ «ድ» ይጨመራል። «ጎ» ለምን «ዌንት» ሆነ?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ በጣም እወደዋለሁ። «ዌንት» የ«ጎ» ልጅ አይደለም። «ዌንድ» የሚባል ሌላ ግስ አለ። ድሮ ትርጉሙ መዞር ነበር፤ ቆይቶ መንገድ ይዞ መሄድ ሆነ። «ሴንድ» ሲያልፍ «ሴንት»፣ «ስፔንድ» ሲያልፍ «ስፔንት» እንደሚባለው፣ «ዌንድ»ም ሲያልፍ «ዌንት» ይባል ነበር። በጥንቱ እንግሊዝኛ የ«ጎ» ኃላፊ ጊዜ «ኤዮዴ» ነበር። እሱም ቢሆን ከሌላ ሥር የመጣ ነው። በ15ኛው መቶ ዘመን ገደማ በደቡብ እንግሊዝ «ዌንት» ቦታውን ወሰደበት። ስኮትላንዶች ግን ከራሱ ከ«ጎ» «ጌድ» ብለው አወጡ። «ዌንድ» ደግሞ ኃላፊ ጊዜውን ስለተነጠቀ ዛሬ «ዌንደድ» ይባላል።

ጥያቄ፦ «ጎ» ከእኛ «ጉዞ» ነው የመጣው ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ አይደለም። አሁን ምን አልኩ? ድምፅ ማስረጃ አይሆንም። የ«ጎ» ዘመዶች የጀርመንኛው «ጌን» እና የደችኛው «ኻን» ናቸው።

ጥያቄ፦ «ጎ» ስንት ትርጉም አለው?

መልስ፦ እንዲህ በደፈናው አይጠየቅም። ዓረፍተ ነገሩን አምጡ። ወተት «ዌንት ኦፍ» ከተባለ ተበላሸ ነው። መብራት «ዌንት አውት» ከተባለ ጠፋ ነው።

አንድ አባል፦ እንግሊዝኛ ሥርዓት የሌለው ቋንቋ ነው። አማርኛ እንዲህ ዓይነት ዝብርቅርቅ የለበትም።

ሌላ አባል፦ እንዴት የለበትም? «መጣ» ትላለህ፤ ሰው ስትጠራ ግን «ና» ነው የምትለው።

የመጀመሪያው፦ «ና» የ«መጣ» አጭር አባባል ነዋ!

መልስ፦ አይደለም፣ ወንድሜ። በግዕዝም «መጽአ» እና «ነዓ» ለየቅል ናቸው። «ይምጣ» እንላለን፤ ፊት ለፊት ላለ ሰው ግን «ምጣ» አንልም፣ «ና» እንላለን። ሌላም ልጨምር። «ዛሬ ገንዘብ አለኝ፤ ትናንት ነበረኝ»። «አለ» እና «ነበረ» አንድ ሥር አላቸው? የላቸውም። «ነበረ» በግዕዝ ተቀመጠ ማለት ነው። «መንበር» እና «ወንበር» የወጡት ከዚያው ነው። የእነሱ «ዞረ» «ሄደ» ሆነ፤ የእኛ «ተቀመጠ» ደግሞ የ«አለ» ኃላፊ ጊዜ ሆነ። አፋችን ላይ ውለው የሚያድሩ ግሶች ናቸው እንዲህ የሚሆኑት። ሥርዓት የለውም ከማለታችን በፊት የራሳችንን እንይ።

ጥያቄ፦ «ዌንት» ግን ለምን «ዌንት» ሆነ?

መልስ፦ ከላይ መልሻለሁ። እባካችሁ አንብቡ።

ጥያቄ፦ እንግሊዝኛ ቶሎ ለመልመድ ምን ይመክሩናል?

መልስ፦ የዛሬው ርዕስ አይደለም።

ጥያቄ፦ የእኛ «ሄደ»ስ እንደ «ጎ» ከሌላ ግስ ተበድሯል?

መልስ፦ አልተበደረም። ሄደ፣ ይሄዳል፣ ሂድ፤ ሁሉም ከአንድ ሥር ነው።