መብራቱ ይበራል፣ ድምፅ ግን የለም

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ባለ 49 ቁልፍ ሚዲ ኪቦርድ ገዛሁ። በዩኤስቢ ኮምፒዩተሬ ላይ ስሰካው መብራቱ ይበራል። ቁልፎቹን ስነካ ግን ምንም ድምፅ የለም። ስፒከር የሚሰካበት ቀዳዳ እንኳ አጣሁበት። ተበላሽቶ ነው? ወይስ ባለ 88 መግዛት ነበረብኝ? ልመልሰው እያሰብኩ ነው።

መልስ፦ አይዞህ ወንድሜ፣ እንዳትመልሰው። እኔ የመጀመሪያ ኪቦርዴን ልክ እንዳንተ አስቤ ለሻጩ መልሼዋለሁ። ምንም አልሆነም ነበር። ነገሩ የገባኝ ከወራት በኋላ ነው፤ ሳስበው እስከዛሬ ይቆጨኛል።

ሚዲ ድምፅ አይደለም፣ መልእክት ነው። አንድ ቁልፍ ስትጫን ኪቦርዱ “60 ቁጥር ኖታ ተነካ፣ አነካኩ 90 ነው” ብሎ ይልካል። ጣትህን ስታነሳ “ተለቀቀ” ይላል። በቃ፣ ይኸው ነው። 60 መሃለኛው ዶ ነው። 90 ደግሞ የምትነካበት ጉልበት ነው። ሁለቱም ቁጥሮች ከ0 እስከ 127 ይሄዳሉ። ድምፁን የሚያወጣው መልእክቱን የሚቀበለው ሶፍትዌር ነው።

ስለዚህ የሙዚቃ መቅጃ ሶፍትዌር ጫን። ሴቲንጉ ውስጥ ገብተህ ኪቦርድህን እንደ ሚዲ ግቤት ምረጥ። ከዚያ አዲስ ትራክ ክፈት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፤ ኦዲዮ ትራክ፣ ማለትም የማይክ ድምፅ የሚቀዳበትን፣ ይከፍትና ዝም ይልበታል። አንተ የኢንስትሩመንት ትራክ ክፈት፣ ፒያኖ ምረጥ፣ የትራኩን የመቅጃ ቁልፍ አብራ። አሁን ስትነካ የትራኩ መብራት ብልጭ ካለ ኪቦርድህ ጤነኛ ነው። ድምፅ ከሌለ የቀረህ ስፒከሩን መምረጥ ብቻ ነው።

ድምፁ ሲመጣ ሌላ ነገር ሊያናድድህ ይችላል። እጅህ ይቀድማል፣ ድምፁ ዘግይቶ ይከተላል። ይህም ብልሽት አይደለም። ሶፍትዌሩ ውስጥ ባፈር የሚለውን ቁጥር ተመልከት፤ ኮምፒዩተሩ ድምፁን ከማውጣቱ በፊት የሚያጠራቅመው መጠን ነው። በተለመደው በሰከንድ 44,100 ሳምፕል (የድምፅ ናሙና)፣ 1024 ላይ ከሆነ ባፈሩ ብቻውን 23 ሚሊሰከንድ ያህል ያዘገያል። 128 ስታደርገው ወደ 3 ይወርዳል። ድምፁ መንጫጫት ከጀመረ 256 አድርገው። ዊንዶውስ ከሆነ የምትጠቀመው አሲዮ (ASIO) ድራይቨር፣ ማለትም ድምፁን ሳያዘገይ የሚያስተላልፍ ሶፍትዌር፣ ይኑርህ፣ ልዩነቱ ትልቅ ነው።

እኔ ሚዲን የምወደው ስህተቴን ስለሚያርምልኝ ነው። የተሳሳተች አንዲት ኖታ ካለች እሷን ብቻ በማውስ ይዘህ ወደ ቦታዋ ትወስዳለህ። የቀዳኸውን ፒያኖ ሳትደግመው በቫዮሊን ድምፅ ትሰማዋለህ። ፈጣን ዜማ ከከበደህ ፍጥነቱን በደቂቃ ወደ 70 ምት አውርደህ ቅዳው፣ ከዚያ ወደ 100 መልሰው። የድምፁ ቅጥነትና ውፍረት አይቀየርም። አንድ ነገር ግን አደራ፦ ኳንታይዝ የሚለውን ሁሌ መቶ በመቶ አታድርገው። ኖታዎቹን ሁሉ በመስመር ያሰልፍና የእጅህን ለዛ ይገድለዋል። እኔ ከግማሽ ብዙም አላልፍም።

ሚዲ የሚባለው ይህ የመሣሪያዎች ቋንቋ የወጣው በ1983 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የአንዱ ፋብሪካ ሲንተሳይዘር (ድምፅ በኤሌክትሮኒክስ የሚፈጥር መሣሪያ) ከሌላው ጋር መግባባት ይቸግረው ነበር። ዴቭ ስሚዝ እና ኢኩታሮ ካኬሃሺ፣ ሁለት የተለያየ ድርጅት ሰዎች፣ ተፎካካሪዎችን አስማምተው አንድ ቋንቋ እንዲኖር ደከሙ። ለዚህም በ2013 እ.ኤ.አ. የቴክኒካል ግራሚ ሽልማት ተሰጣቸው። ያ መልእክት ዛሬም በአንተ ኬብል ውስጥ እየሄደ ነው።

ባለ 88 የሚያስፈልገው ፒያኖን በሁለት እጅ በደንብ ለሚጫወት ሰው ነው። አንተ 49ኙ ይበቃሃል። ከፍ ወይም ዝቅ ያለ ድምፅ ስትፈልግ ኦክታቭ የሚለውን ቁልፍ ተጫን።